«ሕዝቡ አይገባውም»

ነገሩ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ኮልፌ «ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ» የሚለውን ረጅም ስም ካገኘ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ያኔ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር፤ ቤቴም እዚያው ኮልፌ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት የሰፈር ወጣቶች በሬን አንኳኩ። አንደኛው ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል።

«ጋሼ፣ አንድ ቴአትር ተርጉመን ነበር። እርስዎ እንዲያርሙልን ብለን ነው» አለ።

ደብተሩን ገለጥ አደረግኩት። በእርሳስ የተጻፈ፣ በላጲስ የተፋቀ፣ እንደገና የተጻፈ ነው። ሁለት ሰዎች፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ዛፍ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰው ይጠብቃሉ። ሰውየው አይመጣም። በማግስቱም ይጠብቃሉ። በማግስቱም አይመጣም… እናንተዬ፣ ሳሙኤል ቤኬት ኮልፌ መጥቷል! ልጆቹ የተውኔቱን ፎቶ ኮፒ ከአንድ ጓደኛቸው አግኝተው፣ መዝገበ ቃላት ተውሰው፣ ስንት ማታ አምሽተው እዚህ አድርሰውታል።

«የት ልታሳዩት አስባችሁ ነው?» አልኳቸው።

«ቀበሌ አዳራሽ።»

አዳራሹ ዓይኔ ላይ መጣ። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ መደገፊያ የሌላቸው አግዳሚ ወንበሮች። ጠዋት ስብሰባ የሚካሄድበት፣ ከሰዓት የዕድር ገንዘብ የሚሰበሰብበት ቤት ነው። ማታ ማታ ድራማ ሲኖር የሚመጡትም ታዩኝ፦ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ከአጠና ተራ ሥራ ውለው የደከማቸው ሰዎች፣ ጡረተኞች፣ ሊስትሮዎች። እናም ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝን ቃል ተናገርኩ።

«ልጆች፣ ጎበዞች ናችሁ። ግን ሕዝቡ አይገባውም።»

ደብተሩን «እስቲ ጊዜ ሳገኝ ላየው» ብዬ አስቀረሁት። ልጆቹ አመስግነውኝ ሄዱ። በቤኬት ምትክ ስለ ኤች.አይ.ቪ. ኤድስ የሚያስተምር ድራማ አዘጋጁ። እኔም አንድ በጎ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ቡናዬን ጠጣሁ።

ያቺን ዐረፍተ ነገር እኔ አልፈጠርኳትም። ከኔ በፊት ብዙ የተማረ ሰው ብሏታል፤ ረጅም ታሪክ ያላት ዐረፍተ ነገር ናት። ዛሬ ስለዚያ ታሪክ ልጫወት።

እንግዲህ በመጀመሪያ «አይገባውም» የተባለው ቴአትር ከየት እንደመጣ እንይ። ቤኬት አየርላንዳዊ ነው፤ ኑሮው ግን ፓሪስ ነበር። ናዚዎች ፓሪስን ሲይዙ በኅቡዕ የተቃውሞ ቡድን ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1942 ቡድኑ ሲጋለጥና ባልደረቦቹ ሲያዙ እሱ አምልጦ ሩሲዮን በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ የገጠር መንደር ተሸሸገ። እዚያም ከሁለት ዓመት በላይ በገበሬዎች ማሳ ላይ እየሠራ ጦርነቱ የሚያልቅበትን ቀን ጠበቀ። መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም፤ መሄጃም የለም፤ ቀኑ ግን ይመሻል፣ ይነጋል። «ጎዶን በመጠበቅ ላይ» የተጻፈው ከዚህ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 እና በ1949 ነው። ሊቃውንት የሚራቀቁበት ይኼ ተውኔት፣ ደራሲው ገጠር ውስጥ እንደ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ከጠበቀ በኋላ የመጣ ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ የታየውም በትልቅ ቴአትር ቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 1953 ፓሪስ ውስጥ ባቢሎን በሚባል፣ ሁለት መቶ ምናምን ሰው በሚይዝ ትንሽ አዳራሽ ነው። የሌላው የዚህ ዘርፍ አባት የዩጂን ዮኔስኮ «መላጣዋ ዘፋኝ»ም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ተጀምሮ፣ ከ1957 ወዲህ ደግሞ ከመቶ ባነሰ ወንበር በምትታወቀው በላ ዩሼት ቴአትር ቤት ለአሥርት ዓመታት ሲታይ ኖሯል። ዮኔስኮ ሐሳቡን ያገኘው እንግሊዝኛ ሊማር ከገዛው የመማሪያ መጽሐፍ ነው። «ጣሪያው ከላይ ነው፣ ወለሉ ከታች ነው» እየተባባሉ በቁም ነገር የሚያወሩ ሰዎች አስገርመውት።

ማርቲን ኤስሊን የሚባል ሐያሲ እ.ኤ.አ. በ1961 ይህን ሁሉ ሰብስቦ «የአብሰርድ ቴአትር» አለው። በኛ ቋንቋ «ወለፈንድ» የሚሉት አሉ። ስሙ ከበደ እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ሰው «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዓለም ዝም ይላል። አልበር ካሙ እ.ኤ.አ. በ1942 ሲሲፈስ ብሎ የጻፈለት፣ ቋጥኝ ወደ ተራራ አናት እየገፋ፣ ቋጥኙ ሲንከባለልበት እንደገና የሚጀምረው ሰውዬ ነው። በወለፈንድ ቴአትር ታሪኩ ወደ መደምደሚያ አይሮጥም፤ ንግግሩ አይገጣጠምም፤ መጨረሻ ላይ ወጥቶ «ከዚህ የምንማረው» የሚል ሰው የለም።

ታዲያ ማን ገባው? ማን አልገባውም?

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1956 «ጎዶ» ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ ገባ። ቦታው ማያሚ፣ ፍሎሪዳ፣ በዚያን ጊዜ እንደ አዲስ ታድሶ የተከፈተ ያማረ ቴአትር ቤት። ማስታወቂያው ሆድ የሚያፈርስ ኮሜዲ ነው ይላል። ዘንጠው የመጡት፣ ገንዘብም ትምህርትም ያላቸው ተመልካቾች፣ ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ገቢር በኋላ ተነስተው ወጡ። የታክሲ ሾፌሮች በዕረፍቱ ሰዓት ደጁ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር ይባላል፤ ገበያቸው መሆኑን አውቀው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1957፣ ኸርበርት ብላው የሚባል አዘጋጅ ያንኑ ተውኔት ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ወሰደው። እስር ቤቱ ውስጥ ከ1913 ወዲህ የመድረክ ቴአትር ታይቶ አያውቅም። «ጎዶ» የተመረጠበት ምክንያት ደግሞ ጥልቅ ፍልስፍና አልነበረም፤ ሴት ተዋናይ የሌለበት ስለሆነ ነው! ተመልካቹ 1,400 እስረኛ። ተዋንያኑ ፈርተዋል። ፓሪስና ኒው ዮርክ ላይ ሊቃውንት የተጨቃጨቁበትን ነገር ነፍሰ ገዳይና ወንበዴ እንዴት ይቀበለዋል? ብላው ወደ መድረኩ ወጥቶ «እንደ ጃዝ ሙዚቃ አዳምጡት፤ ያገኛችሁትን ያዙ» ዓይነት ምክር ሰጣቸው። መጋረጃው ተገለጠ። ያ ሁሉ እስረኛ ጸጥ ብሎ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ሐያሲ ያላብራራላቸውን ነገር በኋላ በእስር ቤቱ ጋዜጣ ላይ ራሳቸው አብራሩት። ሪክ ክሉቺ የሚባል የዕድሜ ልክ እስረኛ አዳራሹ ውስጥ እንዲገባ አልተፈቀደለትም ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ በድምፅ ማጉያ ነው የሰማው። ይኼ ሰው በኋላ የእስረኞች የቴአትር ቡድን መሠረተ፤ ከተፈታም በኋላ ከራሱ ከቤኬት ጋር ሠራ።

ልብ በሉ። የሚጠብቀው ነገር የሌለው ተመልካች ተነስቶ ሄደ። መጠበቅን የሚያውቀው ቁጭ አለ።

ወደ ገጠሩ ደግሞ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሚሲሲፒ ውስጥ በጥቁሮች የመብት ትግል የተሳተፉ ወጣቶች «ነፃ የደቡብ ቴአትር» የሚል ቡድን መሠረቱ። በ1964ቱ የትግል ክረምት ማግስት ቡድኑ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽና በመንደር መሰብሰቢያ ቤት እየዞረ ካሳያቸው ሥራዎች አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? «ጎዶ»! ተመልካቹ የሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚለቅም፣ ብዙው ትምህርት ቤት በቅጡ ያልገባ ነው። ቡድኑ ውስጥና አካባቢው ክርክር ነበር። «ለነዚህ ሰዎች ይኼ ምን ያደርግላቸዋል?» የምትለዋ ጥያቄ እዚያም ነበረች። ሩልቪል በምትባል ከተማ ግን ፋኒ ሉ ሄመር ተመልካቹ መካከል ነበረች። እሷ ራሷ የጥጥ ገበሬ ናት። በ1962 ለመምረጥ ልመዝገብ በማለቷ ከኖረችበት እርሻ ተባርራለች። ተነስታ ለሰዎቿ ተናገረች። እነዚህን ሁለት ሰዎች እዩዋቸው፤ ከኛም መካከል ነፃነትን ሌላ ሰው ያመጣልኛል ብሎ ቁጭ ያለ አለ፤ ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ግን የሚያመጣለት የለምና ተነሱ፤ ነው ነገሩ። ማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ካነበብኳቸው ትንታኔዎች የዚህን ያህል ወገብ የሚያስታጥቅ አላጋጠመኝም። ቤኬት «ተነሱ» ብሎ አልጻፈም። እሷ ግን የጎደለውን ቃል ራሷ ጨመረች። ወለፈንድ ቴአትር መልእክቱን አይነግርህም፤ የመልእክቱን ቦታ ክፍት ይተውልሃል። ክፍት ቦታ ደግሞ ለሚናገረው ላጣ ሰው ትልቅ ስጦታ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ዘንድ «ሕዝቡ አይገባውም» እንዴት ሥር ሰደደች?

የአማርኛ ቴአትር ሲወለድ ጀምሮ መምህር ነው። በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ሲጽፉ፣ በእንስሳት አፍ የመንግሥቱን ብልሹ አሠራር ሊያስተምሩ ነበር። ተውኔቱ በሆቴል አዳራሽ ለመኳንንቱ ታየ። ታዲያ መኳንንቱ አልገባቸውም? ኧረ በደንብ ነው እንጂ የገባቸው! ስለገባቸውም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነገሩ ታገደ፤ ቴአትርም እስከ 1923ቱ የዘውድ በዓል ድረስ አንገቱን ደፋ። በኋላ የቅኔው ሰው ዮፍታሔ ንጉሤ ግብረ ገብንና አገር ወዳድነትን በተማሪዎች አፍ መድረክ ላይ አመጣ። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ ሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ሊያነሳሳ ተቋቋመ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ የተመረቀው በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው፤ እሱም ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ የሥልጣንና የኃጢአት ትምህርት ነው።

ወለፈንዱ ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 ለንደን በሮያል ኮርት፣ ፓሪስ ደግሞ በኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትር አጥንቷል። ሮያል ኮርት ማለት በነዚያው ዓመታት ቤኬትና ዮኔስኮ የሚታዩበት ቤት ነው። ጸጋዬ አገሩ ሲገባ ግን ለአማርኛ የሰጠው ሼክስፒርንና ሞሊዬርን፣ በኋላም የብሬሽትን እናት ወደኛ አምጥቶ «እናት ዓለም ጠኑ»ን ነው። ለንደን የተማረው መንግሥቱ ለማም «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን ሰጠን፤ ሁለቱም እያሳቁ ባህልን የሚሞግቱ። አልፈርድባቸውም። አገር የሚያጣድፍ ጥያቄ ሲኖርባት «ዓለም ዝም ብላለች» የሚል ቴአትር ቅንጦት ይመስላል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ፣ ያው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ቀበሌ ማኅበርን ወለደ። ከቀበሌው ጋር አዳራሹ፣ ከአዳራሹ ጋር የኪነት ቡድኑ መጣ። የኔ ትውልድ ቴአትርን ያየው እዚያ ነው። ልጅ ሆኜ የፊት ወለል ላይ ተቀምጬ፣ ጭራ የያዘው ባላባት ሆዱን ነፍቶ ሲገባ እንደምናፏጭበት፣ መዶሻ የያዘው ወዛደር ሲገባ እንደምናጨበጭብ አስታውሳለሁ። መጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ደርግ በ1983 ሲወድቅ መዶሻው ወረደ፤ የድራማው አጥንት ግን እንዳለ ቀረ። በባላባቱ ቦታ ቫይረሱ ገባ፤ በወዛደሩ ቦታ ነጭ ጋዋን የለበሰው ሐኪም። ገንዘብ ሰጪው «መልእክቱ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልጆቹም መልእክቱን ይጽፋሉ፣ ከዚያ ድራማ ያለብሱታል።

እንግዲህ ተመልከቱት። አልጋ ወራሹ፣ ንጉሡ፣ ደርጉ፣ ረጂ ድርጅቱ፣ በምንም የማይስማሙ ሁሉ በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ሕዝብ የሚነገረው ነው። እኔም፣ ቤኬትን በክፍል ውስጥ ሳስተምር በነፃነት የምራቀቀው መምህር፣ የቀበሌው አዳራሽ ደጃፍ ላይ ስደርስ ከነሱ ጋር ተሰለፍኩ።

ወዳጆቼ፣ የሚያስቀው ነገር ደግሞ ይኼ ነው። በዓለም ላይ ስለ መጠበቅ የተጻፈ ተውኔት ማስረዳት የማያስፈልገው ሕዝብ ቢኖር የኛ ነው። ደጅ ጥናት የሚል ቃል ያለው ሕዝብ እኮ ነን! ሰው ጉዳይ ይዞ ከአገሩ ይነሳል፤ ከባለሥልጣኑ ደጅ ይደርሳል፤ ይቆማል። ዛሬ አይደለም፣ ነገ ይባላል። ነገም «ጌታው ወጥተዋል» ይባላል። ስንቁ ያልቃል፤ ጫማው ያልቃል። ከሌሎች ደጅ ጠኚዎች ጋር ይተዋወቃል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ተረት ይጫወታል። «እንሂድ?» ይባባላሉ፤ ማንም አይሄድም፤ ምክንያቱም ልክ በሄዱበት ቀን ቢጠሩስ? ደጅ ጥናት ሥነ ሥርዓት አለው፣ ቀልድ አለው፣ ቅኔ አለው። በመኳንንት ዘመን የቀረ የመሰለው ካለ የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢን ይጠይቅ። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቦ፣ በ2005 ዓ.ም. እንደገና ተመዝግቦ፣ በየወሩ እየቆጠበ ዕጣ ሲጠብቅ ልጆቹን የዳረ ስንት ሰው አለ! ለዚህ ሰው ነው እንግዲህ «ሁለት ሰዎች የማይመጣ ሰው ይጠብቃሉ» የሚለው ነገር የማይገባው?

ኮልፌ ራሱ ለዚህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና ሊወስድ የመጣው እዚያው ኮልፌ፣ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ያዙት ወደነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነው። ሥልጠናውን ሳይጨርስ አገሩ ተጠራ፤ በገባ በሳምንታት ውስጥ ተያዘ። ሮበን ደሴት ላይ እስረኞቹ የጥንቱን የግሪክ ተውኔት «አንቲጎኒ»ን ሲሠሩ ማንዴላ የንጉሡን የክሬዎንን ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። መጋረጃ የለ፣ መብራት የለ፤ ተመልካቹም ተዋናዩም እስረኛ ነው። አቶል ፉጋርድ ከጆን ካኒና ከዊንስተን ንቾና ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ባቀረበው «ደሴቱ» በተባለው ተውኔት ሁለት እስረኞች ይህንኑ «አንቲጎኒ» ይለማመዳሉ። አጀማመሩ ግን ጥርት ያለ ወለፈንድ ነው። ሁለቱ ሰዎች አሸዋ ይዝቃሉ፣ በጋሪ ይገፋሉ፣ አንዱ ሌላው የቆፈረበት ጉድጓድ ላይ ይገለብጣል፣ እንደገና ይዝቃሉ። ቃል የለም። የካሙ ሲሲፈስ ማለት ይኼው ነው። የደቡብ አፍሪካ ተመልካች ፍልስፍናውን ማንም አላብራራለትም፤ ወንድሙ እዚያ ደሴት ላይ ነበራ!

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ሌላውንም ጎን ልበል። መልእክት ያለው ድራማ ሁሉ ከንቱ ነው አላልኩም። በ1996 ዓ.ም. በየሰፈሩ ድንኳን ይተከል ነበር፤ ልጆቹ ስለ በሽታው መናገራቸው ስህተት አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን አልነቅፋቸውም። ወለፈንድ የሆነ ሁሉም ጥሩ ነው ማለቴም አይደለም። ያልገባንን ነገር «ጥልቅ ነው» እያልን ያጨበጨብንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሰለቸው ተመልካች ተነስቶ የመሄድ መብቱ ሙሉ ነው። የኔ ጥፋት ሌላ ነው። ሕዝቡ እንዲሰለች፣ እንዲነሳ፣ ወይም ቁጭ እንዲል ዕድሉን ሳልሰጠው ወሰንኩለት። አሁን ሳስበው «አይገባውም» ማለት «እኔ የማብራራው ነገር አይኖርም» የሚል ፍርሃት ሳይሆን አይቀርም። መምህር ሳያስፈልገው የሚገባው ሕዝብ መምህርን ምን ያደርገዋል?

የልጆቹን ድራማ ሄጄ አየሁት። ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ አዳራሹ ጢም ብሏል። ወጣቱ እያሳለ ገባ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «ይኼ ልጅ መሞቱ ነው» አሉ። ገና ሁለተኛው ደቂቃ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ በጨዋነት ጠበቁ፤ እስኪሞት።

መካከል ላይ ግን መብራት ጠፋ።

መድረኩ ላይ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ያ ደብተር የያዘው። ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር ልጆቹ በጨለማው ውስጥ መነጋገር ጀመሩ።

«ጠፋ።»

«ምኑ?»

«መብራቱ።»

«ይመጣል።»

«ማን አለ?»

«ሁሌ ይመጣል።»

«መቼ?»

ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ትናንትም እንደዚሁ ብለውን ነበር!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ውሃውስ?» አለች አንዷ። «እሱም መንገድ ላይ ነው!» አላት ከመድረኩ። «እንሂድ እንዴ?» «በዚህ ዝናብ የት ልትሄድ?» ከወዲያ ከወዲህ ሰው ሁሉ መመለስ ጀመረ። ማን ተዋናይ፣ ማን ተመልካች እንደሆነ በጨለማው አይለይም። ከዚያ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ከጥግ መጣ፤ «የኔም ልጅ መጣሁ እንዳለኝ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ።»

ማንም አልሳቀ። ዝናቡ ብቻ ነበር የሚሰማው። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ ከመድረኩ ላይ «እንግዲያው አባባ፣ አብረን እንጠብቃ» የሚል ቃል መጣ።

መብራቱ መጣ። ሰው ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ሐኪሙ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ወጣና ስለ መተላለፊያ መንገዶች ማስረዳት ጀመረ። አጠገቤ ያሉት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ኋላ፣ ወደ ሽማግሌው ጥግ ዞር አሉ። ወደ መድረኩ የተመለሱት ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው።

እኔ ያኔ ምን አሰብኩ? «መብራት ባይጠፋ ኖሮ ድራማው ይያዝላቸው ነበር» ብዬ አዘንኩላቸው! ኮልፌ ውስጥ ካየሁት ቴአትር ሁሉ የሚበልጠውን ዓይኔ ሥር፣ ደግሞም በጨለማ፣ ሲሠራ ቁጭ ብዬ ጣልቃ የገባ እንቅፋት ነው ብዬ ቆጠርኩት። ሕዝቡማ ገብቶት ነበር። ያልገባኝ እኔ ነኝ።

ማስተማሩን ከተውኩ ቆየሁ፤ ከኮልፌም ወጥቻለሁ። ባለፈው ሰሞን መጻሕፍቴን ሳራግፍ አንድ በፌስታል የተጠቀለለ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አገኘሁ። ሁለት ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ፣ ሦስተኛው ላይ አቁሜዋለሁ። እርማቴን አየሁት። ልጆቹ ከጻፉት ቃል ይልቅ የኔው የከበደ ነው። ሰፈርኛውን አውጥቼ መጽሐፍኛ አስገብቼበታለሁ።

በእርሳስ ያልኩትን በሙሉ ወደነበረበት መልሼዋለሁ። ያኔ ልጆች የነበራችሁ፣ ዛሬ የልጆች አባት ሳትሆኑ አትቀሩም፤ ይኼን ጽሑፍ ካያችሁት ደብተራችሁ እኔ ዘንድ ነው። ብዙ አስጠበቅኳችሁ። ኑና ውሰዱት።